አሮጌውን ቧንቧ ስንነቅል

የዚህ ገጽ ወዳጆች ከእኔ የሚጠብቁት ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ቢያንስ ስለ ኑሮ ውድነት እንድጽፍ እንደሆነ አላጣሁትም። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ቧንቧ ነው። ስለ ውኃ ፖሊሲ አላልኩም፤ ስለ ቧንቧ። በእናቴ ቤት፣ በባኞው ራስጌ ከግድግዳው ላይ ስለ ተተከለ፣ ዕድሜው ከእኔ ስለሚበልጥ አንድ አሮጌ ቧንቧ። ይህ ሰው ፖለቲካን መሸሽ ጀመረ ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሰኝ።

ቧንቧው መንጠባጠብ የጀመረው በ2017 ክረምት ነው። መጀመሪያ ጠበቅ አድርገው ሲዘጉት ያቆም ነበር። ቀጥሎ በሁለት እጅ ካልሆነ አልዘጋም አለ። በመጨረሻ ዕድሜዋ ከ75 ያለፈው እናቴ መዝጊያውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጥርሷን ነክሳ ብታጠብቀውም ጠብታው አልቆም አላት። አንድ ሌሊት እዚያ ባደርኩ ጊዜ እንቅልፍ ቢነሳኝ ከሥሩ ጆግ አስቀምጬ ለካሁት። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 3 ሊትር ያህል ተጠራቀመ። በቀን 8 ሊትር ማለት ነው። ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ፣ ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ፣ በመጣበት ሌሊት ሮቶ ሞልቶ ለቀሪው ሳምንት በሚቆጠብበት ግቢ፣ 8 ሊትር የአንዲት አሮጊት ሴት የዕለት መታጠቢያ ነው።

እናቴ በደወለች ቁጥር ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ «ያ ቧንቧስ?» ትለኛለች። እኔም ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፤ «ትንሽ እንጠብቅ እማዬ፤ የሰፈሩ ጉዳይ ይለይለት።»

የሰፈሩ ጉዳይ የምንለውን የአዲስ አበባ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ፈረሰች። በ2017 መባቻ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። የእናቴ ቤት ከካዛንቺስ ብዙ የማይርቅ፣ እስካሁን ያልተነካ መንደር ውስጥ ነው። ስለዚህ መንደር በወር አንድ ጊዜ አዲስ ወሬ ይመጣል። «ከዋናው መንገድ 50 ሜትር ብቻ ነው የሚነካው» ይባላል። በሚቀጥለው ወር «የለም፣ እስከ ወንዙ ድረስ ነው» ይባላል። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ሥራውን ግን ይሠራል። ቀለም የሚቀባ የለም፤ የተሰበረ መስታወት በካርቶን ይሸፈናል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ባልዲ ይቀመጥለታል። አጥሩ የዘመመበት ጎረቤታችን በግንድ ደግፎ ትቶታል። እኔም በጽሑፎቼ ይህን ሁሉ የምነቅፍ ሰው፣ የገዛ እናቴን ቧንቧ ለአንድ ዓመት ያህል በወሬ ደግፌ አቆየሁት። በመጨረሻ ያሳፈረኝ የእርሷ ጥያቄ ነው፤ «እስኪለይለት ድረስ ታዲያ ገላዬን አልታጠብም?»

ቤቱን አባቴ የሠራው በ1963 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ተበድሮ ሠራው። ባኞ ያስገባበትም ምክንያት ከሥራ አለቆቹ በአንዱ ቤት አይቶ ስለ ቀናበት እንደሆነ ራሱ እየሳቀ ያወራ ነበር። ከትልቁ ቤት በስተጀርባ ደግሞ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ አከራየ፤ ብድሩን በዚያ ሊከፍል አስቦ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ትልቁ ቤት ለእኛ ቀረ፣ ሁለቱ ክፍሎች ትርፍ ቤት ተብለው ተወሰዱ። በአዋጁ መሠረት የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች የሚተዳደሩት በቀበሌ ነበርና እነዚያም የቀበሌ ቤት ሆኑ። ግቢው አንድ፣ በሩ አንድ፣ የጀርባው ግድግዳ እንኳ አንድ ሆኖ ባለቤቱ ግን ሁለት ሆነ።

ያደግሁት ይህን ልዩነት በዓይኔ እያየሁ ነው። አባቴ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ግድግዳውን ይቀባል፤ የቧንቧውን ጎማ ይቀይራል፤ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ያጠጣል። ከጀርባ ያሉት ክፍሎች ግን በተረከቧቸው ቀን በነበሩበት ቆሙ፤ ከዚያም ማርጀት ጀመሩ። ይህ የተከራዮቹ ስንፍና አይደለም። እዚያ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ የሚኖሩት፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸው ሴት ቤታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ናቸው። ነገር ግን ቤቱ የእርሳቸው አይደለም። ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለማግኘት መመላለስ ያስፈልጋል። ተመላልሰው ቢያድሱትም ያወጡት ገንዘብ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርላቸውም። አከራዩ ደግሞ የሚሰበስበው ኪራይ ሚስማር መግዣ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ማንም አልጠገነም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠግነው የቆየ ቤት ደግሞ ምን እንደሚመስል ግልጽ ነው። ዛሬ «ያረጁና ለኑሮ የማይመቹ መንደሮች» ሲባል ስሰማ ማን አስረጃቸው ብዬ እጠይቃለሁ። (አላረጁም ማለቴ አይደለም። በክረምት እትዬ ቤት የገባ ሰው እንዲህ ዓይነት ክርክር አይከራከርም።)

ወደ ቧንቧው ልመለስ።

አባቴ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ የመሣሪያ ሳጥኑ ለእኔ ደረሰኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማርቴሎ፣ ሁለት ትልልቅ መፍቻዎች፣ በሲጋራ ቆርቆሮ የተቀመጡ ጎማዎች። የጥገና ቋንቋችን ምን ያህል ጣልያንኛ እንደሆነ ልብ ያልኩት ያን ሳጥን ስከፍት ነው። ባኞውም፣ ላቫንዲኖውም፣ መፍቻና መምቻውም በእነርሱ ስም ይጠራል። ካዛንቺስ ራሱ ኢንቺስ የሚባል የጣልያን መንግሥት የሠራተኞች ቤት ድርጅት ቤቶች ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 አምስት ዓመት ብቻ ቆይተው የተባረሩ ሰዎች ይህን ያህል ቃል ትተው መሄዳቸው ይገርማል። ስለ ወራሪው ብዙ ተምረናል፤ ስለ ካቻቢቴው ግን የነገረን የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ። እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው በትንሹ ጀመርኩ፤ ጎማውን ብቻ ልቀይር። ከሮቶው የሚወርደውን ውኃ ዘጋሁ፤ በመስመሩ የቀረው እንዲወጣ ሁለቱንም መዝጊያዎች ከፈትኩ፤ ብሎን ወድቆ እንዳይጠፋ የባኞውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩ። ሰማያዊና ቀይ ክዳኖቹን በካቻቢቴ ጫፍ አንስቼ ብሎኖቹን ፈታሁና ልቡን አወጣሁ። ጎማው እንደ አሮጌ ሳንቲም ጠፍጥፏል። ከአባቴ ቆርቆሮ ልኩን አገኘሁ፤ ገጠምኩ፤ ጠብታው ቆመ። እናቴም መረቀችኝ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ፤ ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ በባትሪ መብራት አየሁት። ጎማው የሚያርፍበት የናሱ ከንፈር ተቦርቡሯል። ውኃ በጠባብ ቀዳዳ ዘወትር ሲያልፍ ናስንም ይቆርጣል፤ በከንፈሩ ላይ ጥፍር የሚይዘው ፈር አውጥቶበታል። በዚህ ላይ መቶ ጎማ ቢቀየር ለሳምንት ማስታገሻ ነው። ከንፈሩን በመሣሪያ ሞርዶ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ የዚህኛው ግን ከሚሞረደው አልፏል። ስለዚህ ሙሉው አካል ይነቀል ብዬ ወሰንኩ።

እንዲህ ዓይነቱ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር የሚያያዘው በሁለት ትልልቅ ብሎኖች ነው፤ አንዱ በሙቁ፣ አንዱ በቀዝቃዛው በኩል፣ በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር። ከብሎኖቹ ጀርባ ቆልመም ያሉ መጋጠሚያዎች አሉ፤ እነርሱ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር በጥርስ ታስረዋል። እኔ መፍቻውን በብሎኑ ላይ አጠበቅሁና ሳብኩ። አልነቃነቅም አለ። በመፍቻው እጀታ ላይ ረዘም ያለ ብረት ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። ከግድግዳው ውስጥ የአጥንት ስብራት የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሴራሚክ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። «ተው!» አለች። «እነርሱ መጥተው ሳያፈርሱት አንተ ልታፈርሰው ነው?»

የሰፈሩን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ከልጅነቴ የሚያውቁኝ፣ አሁን ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰው ናቸው። ብረት የሰካሁበትን መፍቻ አዩና «ዶክተር፣ ይሄ በየትኛው መጽሐፍ ነው ያለው?» አሉኝ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ከብሎኑ ጀርባ ያለውን አረንጓዴና ነጭ ቅርፊት በጥፍራቸው ፋቁ።

የነገሩኝን በራሴ አነጋገር ልጻፈው። ቧንቧው ናስ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት በውኃ ውስጥ ተነካክተው ሲኖሩ ደካማው ይበላል፤ የሚበላውም ብረቱ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ መጋጠሚያውን የያዘው ጥርሱ አይደለም፤ ዝገቱ ነው። ዝገት ደግሞ ሲይዝ አጥብቆ ይይዛል፤ ሲለቅ ግን የያዘውን ይዞ ይሄዳል። የሚታየውን ቧንቧ ስንጎትት የሚጠመዘዘው የማይታየው ቱቦ ነው። «የምትነቅለው አይደለም የሚያሳስበው» አሉኝ፤ «የሚቀረው ነው።»

ሆምጣጤ አስመጡና ጨርቅ ነክረው በብሎኖቹ ላይ ጠመጠሙ፤ ቅርፊቱ የኖራ ስለሆነ ሆምጣጤ ያሟሟዋል። በጥርሶቹ ላይ ስስ ዘይት አንጠባጠቡ። ከዚያ ተቀመጡና ቡና ይፈላ አሉ። እኔ ግን ሰዓቴን አያለሁ። መምህሮቼ ሥር ነቀል የሚለውን ቃል ይወዱ ነበር። እነርሱ የ1966ቱ ትውልድ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ወርሼ በመመረቂያ ድርሳኔ ውስጥ ቁጥሩን ለመናገር እስከማፍር ድረስ ተጠቅሜበታለሁ። ሥር ሲነቀል ከሥሩ ጋር ምን ተያይዞ እንደሚመጣ ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አልነበረም።

ቡናው እየተቀዳ ሠራተኛው ስለ ሥራቸው አወጉን። ድሮ ሰው የሚጠራቸው ለመግጠም ነበር፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ በብዛት የሚጠሩት ለመንቀል ነው። ሊፈርስ ቀን ከተቆረጠለት ቤት ላቫንዲኖ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ቦይለር፣ በር፣ መስኮት ይነቅላሉ። ባለቤቱ ጭኖት ይሄዳል፤ ከከተማው ዳር በተከራየው ቤት ውስጥ የሚገጥምበት ቦታ አጥቶ ከአልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። «አንዱ ሰውዬ ቧንቧውን ፈትቼ ስሰጠው አቅፎት አለቀሰ» አሉን። እናቴ አልተናገረችም። ስኒውን አዙራ አዙራ አየችው።

እኔ በዚያች ቅጽበት የማስበው ስለ አንቀጽ 40 ነበር፤ የሙያ በሽታ ሆኖብኝ። ሕገ መንግሥቱ መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርግና፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚሠራው ቋሚ ንብረትና ቋሚ መሻሻል ግን ሙሉ መብት ይሰጠዋል። አዲስ ቧንቧ ቋሚ መሻሻል ነውን? ቆጥሮ ካሣ የሚተምነው ባለሙያ ባኞውን ያየዋል፤ ባኞው ላይ ያለውን የዓመታት ዘይትና ጎማ ግን በየትኛው ዓምድ ይጽፈዋል? ጥያቄው ለፈተና የሚሆን ነው፤ መልስ ግን የለኝም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ተነሡ። በአንዱ መፍቻ መጋጠሚያውን ከኋላ ያዙ፤ በሌላው ብሎኑን ወደ መፍቻው ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ፀጉር ያህል ገፉት። ቅርፊቱ ከሽ አለ። ከዚያ መለስ፣ እንደገና ጠበቅ፣ እንደገና መለስ፤ በየመካከሉም በማርቴሎ ቀስ ብለው ነካ ነካ ያደርጉታል። የሙቁ በኩል ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደ ቅቤ ወጣ። የቀዝቃዛው ግን እኔ የተንጠለጠልኩበት ነበር። ብሎኑ ተፈታ፤ መጋጠሚያው ግን ሲዞር የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ ይዞ ወጣ። ሠራተኛው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴራሚኩ ይሰበር ተባለ። ሦስት ሴራሚክ ተነሣ፤ ከጀርባው ያለው ሲሚንቶ በመሮ ተከፈተ። ቱቦው ታየ። ውጭው ደህና ይመስላል፤ የተቆረጠውን ጫፍ ግን ስናየው ውስጡ በዝገት ተሞልቶ ውኃ የሚያልፍበት ቀዳዳ እርሳስ የማያስገባ ሆኗል። ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ ከሥሩ ነበር። ቱቦው በባኞው አያበቃም። ተገንጥሎ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጀርባ ያልፋል።

«ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ነች የመለሰችው፤ ዝግ ባለ ድምፅ። «ወደ እትዬ ማድ ቤት።»

እዚህ ላይ ለመጻፍ የማልፈልገውን እጽፋለሁ። እትዬ የማድ ቤታቸው ቧንቧ እንደ ክር ቀጭን ውኃ ነው የሚሰጠው። ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ከእኛ ሮቶ በሚወርደው መስመር ላይ ሆነው፣ የድርሻቸውን ሒሳብ እየከፈሉ፣ አንድ ጄሪካን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። ለሚመለከተው ክፍል ሲያመለክቱ «ቱቦው ያለው በግለሰብ ቤት ውስጥ ስለሆነ አይመለከተንም» ተባሉ። ወደ እኛ መጡ። የዚያን ቀን በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የዶክትሬት ትምህርቴን ላጠናቅቅ ስለ ነበር ሥራ ይበዛብኝ ነበር። በትሕትና፣ እንደ ተማረ ሰው፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የቀበሌ ቤት ጉዳይ ነው፤ እኛ ብንነካው ነገ ጥያቄ ያስነሣል» አልኳቸው። እርሳቸውም «ልክ ነህ ልጄ» ብለው ተመለሱ። ደግመው አልጠየቁኝም። በየበዓሉ እየመጡ መርቀውኛል፤ ስመረቅም ዳቦ ጋግረው አምጥተዋል።

አባቴ በሕይወት ሳለ ይህ ችግር አልነበረም። ቤቱ ከተወረሰበት ቀን ጀምሮ ያቺን መስመር እንደ ራሱ ይጠብቃት እንደ ነበር እናቴ የነገረችኝ ያን ቅዳሜ ነው። እኔ ባለፈው አንቀጽ ላይ «ማን አስረጃቸው» ብዬ የጠየቅሁትን ጥያቄ ሳልሰርዘው የተውኩት ለዚህ ነው።

ሠራተኛው ቱቦውን በፒፒአር ለመቀየር 2 ሜትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል አሉ፤ ባኞው ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ሜትር ይበቃል። እስከ ጀርባ ይቀየር አልኩ። ወደ መርካቶ ሄጄ ቱቦውንና አዲሱን ቧንቧ ገዛሁ። አዲሱ ያብለጨልጫል፤ በእጅ ሲይዙት ግን ከአሮጌው ግማሽ አይመዝንም። ዋጋው ከወር ደመወዜ ሩቡን አልፏል። ሻጩን «ስንት ዓመት ያገለግላል?» ብለው ሳቀብኝ።

ሥራው በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጠናቀቀ። ውኃው ሲከፈት መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ዝገት፤ ከዚያ ጠራ። ከጀርባ በኩል የጄሪካን ድምፅ ሰማን። ባዶ ፕላስቲክ ላይ ውኃ በኃይል ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ቀጥሎ የእትዬ ድምፅ፤ «ኧረ ሞላ! ኧረ ማነው የሚዘጋው፣ ፈሰሰ እኮ!»

ልዘጋላቸው ሮጥኩ። ስመለስ እናቴ አሮጌውን ቧንቧ በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ በሣጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ሠራተኛው ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። እርሷ ግን ዓይኗ አዲሱ ላይ ነው።

«ወንድሜ» አለቻቸው፤ «ይሄኛው ደግሞ ልንቀለው ብል በቀላሉ ይነቀላል?»

«በቴፍሎን ነው ያሰርኩት እመቤቴ። አንድ መፍቻ ይበቃዋል፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅ።»

«ጥሩ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «መፍቻውን ግን እዚሁ ተወው፤ ይዘኸው አትሂድ» አለችኝ።